ለነገረ ፈጅ ዋሱ ማን ነው?

(ስለ መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያዎች የሙያ ኀላፊነት ኢንሹራንስ የቀረበ አጭር ጥናት)

ኢንሹራንስ ሲባል ከብዙዎቻችን ፊት ቶሎ ድቅን የሚለው የተገጨ መኪና፣ የተቃጠለ መጋዘን ወይም በመርከብ ላይ ሳለ የረጠበ የቡና ጆንያ ነው። የተሳሳተ ምክርም የመጋዘን ቃጠሎን ያህል ንብረት ሊያጠፋ እንደሚችል እምብዛም አናስብም። ሐኪም መድኃኒት ቢያሳስት፣ መሐንዲስ የምሰሶውን ልክ አሳስቶ ቢያሰላ፣ ጠበቃ የይግባኙን ቀን ቢያሳልፍ ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ካሣ ያስጠይቃል። ለዚህ ዐይነቱ ጥፋት የሚገባው ኢንሹራንስ የሙያ ኀላፊነት ኢንሹራንስ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ግን ስለ ሐኪሙም ሆነ ስለ መሐንዲሱ ለማተት አይደለም። በራሱ ስም ቢሮ ከፍቶ ስለሚሠራው ጠበቃም ቢሆን የምናገረው ለማነጻጸሪያ ያህል ብቻ ነው። ጥያቄዬ በባንክ፣ በፋብሪካ፣ በአየር መንገድ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በወር ደመወዝ ተቀጥሮ የአሠሪውን ውል ስለሚያረቀው፣ ስለ አሠሪውም ፍርድ ቤት ስለሚቆመው ሰው፣ ይኸውም ነገረ ፈጅ ስለምንለው ባለሙያ ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ እንጂ የሕግ ተማሪ አይደለሁምና አስቀድሞ የሳበኝ ስሙ ቢሆን አንባቢ አይታዘበኝ። «ጠበቃ» መጠበቅ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ሰውን የሚጠብቅ፣ ለሰው የሚቆም ማለት ነው። «ነገረ ፈጅ» ግን ሰውን አይጠቅስም፤ የጌታውን ነገር የሚፈጅ፣ ማለትም የሚጨርስ፣ እንደ ማለት ነው። በአማርኛችን ደግሞ እሳትም ከተማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ነገሩ ሲከፋ ማን ማንን እንደሚፈጅ ስሙ ራሱ አይለይልንም። ጨዋታውን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ተሟጋቾች ዋስ ይጠሩ ነበር። የኢንሹራንስ ኩባንያም በዘመኑ መልክ ዋስ ነው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ዋሱ ዘመድ ወይም ጎረቤት መሆኑ ቀርቶ አረቦን ተቀብሎ የሚዋስ ድርጅት መሆኑ ነው። ከዚህ የሚቀርበን ሌላው ምሳሌ እድር ነው። ብዙዎች በየወሩ ጥቂት ያዋጣሉ፤ ከባዱ ቀን በአንዱ ቤት ሲወድቅ የሁሉም መዋጮ ይሸከመዋል። ነገር ግን እድር የሚደርሰው ለአባሉ ለራሱ ሐዘን ሲሆን የኀላፊነት ኢንሹራንስ የሚደርሰው አባሉ በሌላ ሰው ላይ ስላደረሰው ጉዳት ነው። ከዚህ የተነሣ በኀላፊነት ኢንሹራንስ ውስጥ ምንጊዜም ሦስት ወገኖች አሉ፤ ጥፋተኛው፣ የተጎዳውና ከፋዩ። በነገረ ፈጁ ጉዳይ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው የተጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ አሠሪው ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

አብዛኛው ሰው፣ የሕግ ባለሙያዎችም ጭምር፣ ነገረ ፈጅ ኢንሹራንስ አያስፈልገውም ይላሉ። ምክንያታቸውም ተራ አይደለም። ቢሮ የከፈተ ጠበቃ ደንበኞቹ አያሌ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ነገ ሊከሰው ይችላል። ነገረ ፈጅ ግን ደንበኛው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ነው። አሠሪ ደግሞ የገዛ ሠራተኛውን ለመክሰስ አይቸኩልም፤ ቢከፋ ያሰናብተዋል። የውጭ ሰው ቢጎዳም የሚጠየቀው ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤቱ እንጂ የወር ደመወዝተኛው አይደለም።

የሌሎች አገሮች ደንብም ይህን አስተያየት የሚደግፍ ይመስላል። በእንግሊዝ አገር በግል ለሚሠሩ የሕግ ባለሙያዎች የሙያ ኢንሹራንስ ግዴታ የሆነው እ. ኤ. አ. በ1976 ነው። እ. ኤ. አ. በ2019 ሥራ ላይ በዋለው ደንብም ዝቅተኛው የሽፋን ልክ ለእያንዳንዱ የካሣ ጥያቄ 2 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በኩባንያ መልክ ለተቋቋሙት የሕግ ድርጅቶች ደግሞ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኗል። ይህ ግዴታ ግን ለአሠሪያቸው ብቻ የሚሠሩትን አይነካም። በአሜሪካም እ. ኤ. አ. በ1978 የኦሪገን ክፍለ ሀገር፣ ከ40 ዓመት በኋላም በ2018 የአይዳሆ ክፍለ ሀገር ጠበቆቻቸውን ኢንሹራንስ ግቡ ብለው ሲያስገድዱ ሁለቱም ግዴታውን የጣሉት በግል ደንበኛ በሚያስተናግዱት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ያለ ይመስለኛል። ግዴታው የተደነገገው ለማን ጥቅም ነው? ለጠበቃው አይደለም፤ ለደንበኛው ነው። ቤቷን ለመሸጥ ወይም የባሏን ውርስ ለማጣራት ጠበቃ የያዘች ሴት ጠበቃው ባጠፋ ጊዜ ባዶ እጇን እንዳትቀር የታሰበ ነው። የነገረ ፈጅ ደንበኛ ግን ባንክ ወይም ፋብሪካ ነውና ራሱን ይጠብቅ ተብሎ ተትቷል። እንግዲህ ሕጉ ነገረ ፈጁን ከግዴታ ነጻ ማውጣቱ ደንበኛው ጥበቃ አያስፈልገውም ማለት እንጂ ነገረ ፈጁ አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ላይ ተደባልቀው «አያስፈልገውም» የሚል አንድ ቃል ወጣቸው።

ወደ ራሳችን አገር ሕግ እንመለስ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 በአንድ ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ግዴታውን ባለማወቅ በሚቈጠር ጥንቃቄ ማጣት ወይም ቸልተኝነት ቢያጠፋም ኀላፊ ያደርገዋል። ሕጉ ሙያተኛው ቢሮ የከፈተ ይሁን በደመወዝ የተቀጠረ ብሎ አይለይም። በቁጥር 2130 ደግሞ አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ስላደረሰው ጉዳት እንደሚጠየቅ ይናገራል። ብዙዎች የሚመኩት በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ነው። ነገር ግን አሠሪው ስለ ሠራተኛው ተጠያቂ መሆኑ ጥፋተኛውን ሠራተኛ ከራሱ ኀላፊነት አያወጣውም።

አንድ ምሳሌ እናስብ። በ1958 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። የአንድ ባንክ ነገረ ፈጅ ቀኑን ሲቈጥር ተሳስቶ በ61ኛው ቀን መዝገብ ቤት ደረሰ እንበል። ባንኩ ሊያስመልሰው ይችል የነበረው 10 ሚሊዮን ብር ቀረ። ማን ተጎዳ? ባንኩ። ማን አጠፋ? የባንኩ ሠራተኛ። አሠሪ ስለ ሠራተኛው ይጠየቃል የሚለው ድንጋጌ የተጻፈው ለውጭ ተጎጂ ነውና እዚህ ላይ ምንም አይረዳም፤ አሠሪው ራሱን በራሱ ሊከስ አይችልምና። የቀረው ተጠያቂ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በወር ደመወዙ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለው ነገረ ፈጅ ሁኔታ ደግሞ በቁጥር 2126 እና 2127 ተጽፏል። ሠራተኛው በቅን ልቡና በሥልጣኑ ልክ ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ አምኖ ያደረገው ጥፋት የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ተጎጂውም መንግሥትን ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ ውጭ የሆነው የግል ጥፋት ስለሆነ መንግሥት አይከፍልለትም። የሥራ ጥፋት ሆኖ እንኳ መንግሥት የከፈለውን ከሠራተኛው መልሶ ለመጠየቅ በሩ ክፍት ሆኖ ተትቷል። በሩ በየቀኑ ይገባበታል ማለቴ አይደለም፤ ክፍት መሆኑን ማወቅ ግን አይከፋም።

አሠሪ ሠራተኛውን አይከስም የሚለውን መመኪያ በእንግሊዝ አገር የደረሰ አንድ ነገር እንዲህ ባለ መልክ ፈትኖታል። ጉዳዩ የሕግ ባለሙያ ሳይሆን የመኪና ነጂ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ተቀጣሪ ነው። እ. ኤ. አ. በ1949 ሊስተር የተባለ የሮምፎርድ በረዶና ማቀዝቀዣ ኩባንያ ሾፌር የጭነት መኪናውን በአንድ ቄራ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ሲያስኬድ ረዳቱን ገጨው። ረዳቱ የገዛ አባቱ ነበር። አባትየው ኩባንያውን ከሶ 1,600 ፓውንድ ካሣ ከነወጪው ተፈረደለት፤ ገንዘቡንም የኩባንያው ኢንሹራንስ ከፈለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ደንቡ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ግን ኢንሹራንሱ በኩባንያው እግር ተተክቶ፣ በኩባንያውም ስም፣ የከፈለውን እንዲመልስለት ልጁን ከሰሰው።

ነገሩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ድረስ ሄደ። ዳኞቹ 3 ለ2 ተከፍለው በሾፌሩ ላይ ፈረዱ። ሠራተኛ ሥራውን በጥንቃቄ ሊሠራ በውሉ ውስጥ ግዴታ ገብቷል፤ ግዴታውንም ካፈረሰ አሠሪው ሊጠይቀው ይችላል አሉ። አሠሪው ኢንሹራንስ አለውና ሠራተኛው በዚያ ጥላ ሥር ሊጠለል በውሉ እንደ ተስማሙ ይቈጠርልኝ የሚለው የሾፌሩ ክርክር ተቀባይነት አላገኘም። ፍርዱ እ. ኤ. አ. በ1957 በወጣው የፍርድ መዝገብ ታትሟል። የዚህ ሐሳብ ሥሩ ደግሞ የቈየ ነው፤ እ. ኤ. አ. በ1858 አንድ የቴአትር መጋረጃ ሠዓሊ ችሎታ ስላነሰው በተባረረ ጊዜ የእንግሊዝ ዳኞች በሙያው የተቀጠረ ሰው ሁሉ ሙያው እንዳለው ቃል እንደ ሰጠ ይቈጠራል ብለው ነበር። ለእኛ ለሥነ ጥበብ ወገኖች ይህ የሚያስደስት ፍርድ አይደለም።

የሊስተር ፍርድ በአገሩ ብዙ ወቀሳ አስነሣ። የእንግሊዝ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ሠራተኛው ሆን ብሎ ወይም ተመሳጥሮ ካላጠፋ በቀር እንዲህ ያለውን ክስ ላያነሡ በመካከላቸው ተስማሙ። ይህ ስምምነት ግን የጨዋ ሰው ቃል እንጂ ሕግ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ነገሩ አስቀድሞ የተፈታው በሕግ ነበር፤ እ. ኤ. አ. ሐምሌ 13 ቀን 1930 የወጣው የኢንሹራንስ ውል ሕግ በ36ኛው አንቀጹ፣ ተንኰል ከሌለበት በቀር፣ ከፋዩ ኢንሹራንስ በመድን ገቢው ልጆች፣ ወላጆች፣ ሠራተኞችና የቤት አሽከሮች ላይ እንዳይመለስ ከልክሏል። የፈረንሳዩ ሕግ አውጪ ሠራተኛውን ከልጁ ጋር በአንድ መስመር ማስፈሩን ልብ ይሏል። ዐሳቡም ግልጽ ነው፤ በቀኝ እጅ ከፍሎ ከግራ ኪስ መውሰድ ኢንሹራንስ አይባልም። የእኛን የ1952 የንግድ ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራና እሳቸው ከሞቱ በኋላ ሥራውን የቀጠሉት ፕሮፌሰር ዦፍሬ ፈረንሳውያን ነበሩና የሕጋችንን የኢንሹራንስ ክፍል ለሚያጠና ሰው ይህ የፈረንሳይ ሕግ እንግዳ አይሆንበትም። በ2013 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 1243 የንግድ ሕጉን ሌሎች ክፍሎች ሲተካ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረውን ሦስተኛውን መጽሐፍ በቦታው ትቶታል።

አሁን ደግሞ ሌላውን መመኪያ እንመልከት። ትልልቅ ኩባንያዎች፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ለዳይሬክተሮቻቸውና ለከፍተኛ ሹሞቻቸው የሥራ መሪዎች ኀላፊነት ኢንሹራንስ ይገባሉ። የሕግ ክፍሉ ሹም «እኔም በዚያ ውስጥ አለሁ» ብሎ ይተኛል። ውሉን አውጥቶ ቢያነበው ግን እንቅልፉ ይቀንስ ነበር። አንደኛ፣ ይህ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው የአመራር ውሳኔን ነው፤ ብዙዎቹ ውሎች በሙያ አገልግሎት ላይ የተሠራ ጥፋትን በግልጽ ያስወጣሉ። ውል ማርቀቅና የሕግ ምክር መስጠት ደግሞ የሙያ አገልግሎት ነው። ሁለተኛ፣ ከሹሙ በታች ያሉት የሕግ ሠራተኞች «ሹም» በሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገቡም። ሦስተኛውና ዋናው ግን፣ እ. ኤ. አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በእነዚህ ውሎች ውስጥ የተለመደው መድን ገቢው መድን ገቢውን ቢከስ አንከፍልም የሚለው ሐረግ ነው። ሐረጉ የገባው ኩባንያዎች የገዛ ሹሞቻቸውን ከሰው የክፉ ውሳኔያቸውን ኪሳራ ከኢንሹራንስ ለማውጣት እንዳይሞክሩ ነው፤ ከኢንሹራንሱ በኩል ሲታይ ትክክል ነው። ለነገረ ፈጁ ግን ዋናው አደጋው አሠሪው ራሱ ሆኖ ሳለ ሽፋኑ የሚቀረው ልክ በዚያ ቦታ ላይ ነው። ጣራው ያለው ዝናብ በማይዘንብበት በኩል ነው እንደ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የእኛ አገር ሕግ አንድ አስገራሚ ነገር ይጨምርበታል። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 «የሥራ መሪ» የሚለውን ቃል ሲተረጕም ለአሠሪው ጥቅም በራሱ አመዛዛኝነት የሚያማክረውን የሕግ አገልግሎት ኀላፊ ጨምሮ ቈጥሮታል፤ የሥራ መሪዎችን ደግሞ ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ አድርጓል። እንግዲህ የሠራተኛ ጥበቃ ሲፈልግ «አንተ መሪ ነህ» ይባላል፤ የመሪዎች ኢንሹራንስ ሲፈልግ ደግሞ «አንተ የሙያ አገልግሎት የምትሰጥ ነህ» ሊባል ይችላል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው።

ክፍተቱን ያዩ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በአሜሪካ ለተቀጣሪ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ የተዘጋጀ ልዩ ውል ይሸጣሉ። አንባቢ አሠራሩን እንዲያውቀው ጥቂት ልዘርዝር። አሠሪው ሠራተኛውን ቢከስ የሚከፍሉ አሉ፣ የማይከፍሉም አሉ፤ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው። የመከላከያው ወጪ፣ ማለትም የተከሳሹ ጠበቃ ዋጋ፣ ከሽፋኑ ጣራ ላይ የሚቀነስ መሆን አለመሆኑም ሁለተኛው ነው፤ የሚቀነስ ከሆነ ክርክሩ በረዘመ ቍጥር ለካሣ የሚቀረው እያነሰ ይሄዳል። ሆን ተብሎ ለተሠራ ተንኰል የሚከፍል የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ከሁሉ ይበልጥ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ግን የጊዜው ነገር ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ግጭቱ በደረሰበት ቀን የነበረው ውል ይከፍላል። የሙያ ኀላፊነት ኢንሹራንስ ግን በአብዛኛው እንዲህ አይደለም፤ የሚከፍለው ጥፋቱ በተሠራበት ቀን የነበረው ሳይሆን ክሱ ወይም የካሣው ጥያቄ በቀረበበት ቀን ያለው ውል ነው። በ2010 ዓ. ም. የተጻፈ የተሳሳተ የውል አንቀጽ ጉዳቱ በ2016 ሊወጣ ይችላል። በ2016 ያ ሰው ሥራውን ለቅቆ ከሆነና አሠሪውም ውሉን ካላደሰ በ2010 አረቦን ተከፍሎ እንደነበረ ማስረዳት አይጠቅመውም። ስለዚህ ከሥራ የሚለቅ ሰው ከለቀቀ በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ የሚቈይ ተጨማሪ ዘመን በውሉ ውስጥ መኖሩን ማየት አለበት።

የውጭ ሰው ነገረ ፈጅን አይከስም የሚለውም ቢሆን እንደሚባለው የጠና አይደለም። በማንኛውም መሥሪያ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ የሚሆነውን እናውቃለን፤ ከሂሳብ ክፍል አንዱ መጥቶ «ወንድሜ፣ አንዲት ነገር ላማክርህ፤ የእናቴ ቤት ውርስ ነገር ነበር» ይላል። ነገረ ፈጁም በወዳጅነት ይመክረዋል። ያ ምክር ለአሠሪው የተሰጠ አይደለምና የአሠሪው ጥላ አይደርስበትም፤ ቢሳሳት ግን ወዳጁ ቤቱን ሊያጣ ይችላል። ከዚህ የከበደው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ውስጥ ጥፋት ሲመረምር የሚሆነው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ. ኤ. አ. በ1981 አፕጆን በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ጉዳይ ላይ ሠራተኞች ለኩባንያው የሕግ ሹም በምስጢር የነገሩት ቃል በሕግ የተጠበቀ መሆኑን ወሰነ፤ የምስጢሩ ባለቤት ግን ኩባንያው እንጂ ተናጋሪው ሠራተኛ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ነገረ ፈጆች ሠራተኛን ከመጠየቃቸው በፊት «እኔ የኩባንያው እንጂ ያንተ ጠበቃ አይደለሁም» ማለትን ልማድ አድርገውታል። ይህን ሳይል የቀረ ሰው፣ ሠራተኛው «የእኔ ጠበቃ መስሎኝ ገመናዬን ነገርሁት» ብሎ ቢነሣበት፣ ሙግት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

መከሰስ ማለት መፈረድ አይደለም፤ ይሁንና በነጻ መለቀቅም ዋጋ አለው። ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የሕግ ክፍል ከፍተኛ ሹም የነበሩ ሴት፣ እ. ኤ. አ. በ2002 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለ አንድ መድኃኒት ማስታወቂያ ላነሣው ጥያቄ ኩባንያውን ወክለው በጻፉት መልስ ምክንያት በ2010 በወንጀል ተከሰሱ። ክሱ ሰነድ ደብቀዋል፣ የሐሰት መልስም ሰጥተዋል የሚል ነበር። በግንቦት 2011 የሜሪላንድ የፌዴራል ዳኛ ሮጀር ታይተስ ዐቃቤ ሕግ ምስክሩን እንደ ጨረሰ፣ መከላከያም ሳያስፈልግ፣ በነጻ አሰናበቷቸው፤ ሴትየዋ ከውጭ ጠበቆች ጋር ተማክረው የሠሩት ሥራ ወንጀል ሊባል አይገባም ነበርም አሉ። የአስተዳደሩ ጥያቄ ከተነሣ እስከ ፍርዱ ድረስ ወደ 9 ዓመት ገደማ አልፏል። ካሣ የተከፈለበት ነገር አልነበረም፤ ዕዳ የለም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ክስ ለመከላከል የሚወጣው ገንዘብ የአንድን ደመወዝተኛ ቤት ሊያፈርስ እንደሚችል ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም። የሙያ ኀላፊነት ኢንሹራንስ ትልቁ ጥቅሙ ካሣውን መክፈሉ ሳይሆን ለተከሳሹ ጠበቃ ማቆሙ ነው የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው። ያም ቢሆን የወንጀል ክስን የሚያስወጡ ውሎች ስላሉ ይህም መነበብ ያለበት ነገር ነው።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። ነገረ ፈጁ ኢንሹራንስ ካለው ይሰንፋል፣ ቀን አይቈጥርም፣ ውል አያነብም ይባላል። ይህ ክርክር በሾፌሩም በሐኪሙም ላይ ተነሥቶ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በነገረ ፈጁ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አሠሪው ሊያደርገው የፈለገውን ነገር «ይህ በሕግ አይቻልም» ብሎ በጽሑፍ ማስፈር ያለበት ሰው ከአሠሪው ቸርነት ሌላ ዋስ ከሌለው ብዕሩ ይከብደዋል። «አይቻልም» የሚለው ማስታወሻ «ቢጤን መልካም ነው» ወደሚል ይለወጣል፤ ከዚያም ጭራሽ ሳይጻፍ በቃል ይቀራል። የቸልተኝነትን ስፍራ የሚይዘው ፍርሀት ይሆናል፤ ከሁለቱ የትኛው መሥሪያ ቤቱን የበለጠ እንደሚጎዳው የሚያጠራጥር አይደለም። አሜሪካኖች ከኤንሮን ኩባንያ ውድቀት በኋላ፣ እ. ኤ. አ. በ2002 ባወጡት ሕግና በ2003 ሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ፣ አክሲዮናቸው በገበያ በሚሸጥ ኩባንያዎች ዘንድ ያለ የሕግ ባለሙያ ከባድ የሕግ መጣስ ማስረጃ ሲያይ ለበላይ ሹም፣ እሱም ካልሰማ ለዳይሬክተሮቹ ቦርድ ወይም ለኦዲት ኮሚቴው እንዲያሳውቅ አስገድደዋል። ግዴታው ተጨመረበት፤ ዋሱ ግን አልተጨመረለትም።

የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ደግሞ እ. ኤ. አ. መስከረም 14 ቀን 2010 በአክዞ ኖቤል ጉዳይ ላይ፣ በውድድር ሕግ ምርመራ ጊዜ ኩባንያ ከገዛ ተቀጣሪ ጠበቃው ጋር የተጻጻፈው ምስጢር አይጠበቅም ሲል የሰጠው ምክንያት ተቀጣሪው እንደ ውጭ ጠበቃ ነጻ አይደለም የሚል ነው። የፍርዱን ውጤት የሚነቅፉ ብዙ ናቸው፤ ስለ ደመወዝ ያለው ግን ሐሰት አይደለም። ኢንሹራንስ ደመወዝተኛን ነጻ ሰው አያደርገውም። የሚያደርገው ትንሽ ነገር ነው፤ «አይቻልም» ባለ ማግስት ቢከሰስ ብቻውን እንዳይቆም ያደርገዋል።

ከዚህ የተነሣ አረቦኑን ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አሠሪው ቢከፍል ተገቢ ነው፤ ሥራው የእሱ ነውና። ነገር ግን አሠሪው በፈለገ ጊዜ የሚሰርዘው ውል ከአሠሪው ቸርነት የሚለይ አይደለም። ስለዚህ ነገረ ፈጁ በውሉ ላይ በስሙ መድን ገቢ ሆኖ መጻፍ፣ አሠሪው በሠራተኛው ላይ የሚያነሣውም ክስ በግልጽ መሸፈን ይኖርበታል። ሌላም ርካሽ መንገድ አለ፤ በቅጥር ደብዳቤው ላይ አሠሪው፣ ተንኰል ካልተገኘበት በቀር፣ በሥራው ምክንያት ለሚመጣበት ክስ ወጪውን እንደሚችልለትና በቸልተኝነትም እንደማይከሰው ሁለት መስመር ማስጻፍ ነው። የዚህ ድክመቱ ግልጽ ነው። አሠሪው ቢከስር፣ ቢሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ቢቀላቀል ቃሉን የሚፈጽመው አዲሱ ባለቤት ወይም የንብረት አጣሪው ነው፤ የንብረት አጣሪ ደግሞ ሥራው ገንዘብ መሰብሰብ እንጂ የቀድሞውን ወዳጅነት ማክበር አይደለም። ኢንሹራንሱ ሊቈም የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ከሥራ የሚለቅ ሰው የሚያስፈርመው የክሊራንስ ወረቀት አለ። ወንበሩን፣ ኮምፒዩተሩን፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ማስረከቡ በየክፍሉ ይፈረምለታል። ባለፉት ዓመታት ስላረቀቃቸው ውሎችና ስለጻፋቸው ምክሮች የሚፈርምለት ክፍል የለም። ነገረ ፈጁ ያን ወረቀት ይዞ ሲዞር ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጎራ ብሎ አንድ ተጨማሪ ፊርማ፣ ይኸውም ከዚህ በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ ኢንሹራንሱ ለስንት ዓመት እንደሚቈይለት የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ቢጠይቅ ምናልባት ጸሐፊዋ ትስቅበት ይሆናል። ደብዳቤውን ግን ይጠይቅ።